ያልገባንን አንፈርም

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ኦቲዝም ያለበት ወይም መናገር የዘገየ ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ለአይኢፒ (ለልጁ ለብቻው የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ ትምህርት ቤት ሲጠሩ፣ ጠረጴዛውን ከበው የሚጠብቋቸው ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ሳይኮሎጂስቱ፣ የንግግር ቴራፒስቷ፣ የልዩ ፍላጎት መምህሩ ሪፖርታቸውን በየተራ በእንግሊዝኛ ያነባሉ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ እናት ፊት ይቀርባል። ልጇ በሳምንት ስንት ሰዓት ቴራፒ እንደሚያገኝ፣ ከእኩዮቹ ጋር ይማር ወይስ ለብቻው እንደሆነ አልገባትም። መምህር ማክበር አብሯት ያደገ ነውና «እነሱ ያውቃሉ» ብላ ትፈርማለች።

አንዳንዴ ታላቅ እህት እንድታስተረጉም ትጠራለች። ስለ ወንድሟ የተባለውን ክፉ ክፉውን ለእናቷ አለሳልሳ ትነግራለች፤ ከከበዳትም ትዘለዋለች። ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም። የሚፈረድበት እሷን እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠው ትምህርት ቤት ነው።

ሕጉ ከወላጅ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች የትምህርት ሕግ፣ ወላጅ ስብሰባውን እንዲከታተል ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያዛል። ፈቃድ ሰጠ የሚባለውም ወላጁ ነገሩ በራሱ ቋንቋ ተነግሮት ሲስማማ ነው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ሲያደርጉ፣ ክሊንተን በ2000 የፈረሙትን የቋንቋ ድጋፍ ትእዛዝ ሽረዋል። «እንግዲህ አስተርጓሚ ቀረ» የሚል ወላጅ ካለ ግን ተሳስቷል፤ የተሻረው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ነው፣ ይህ ሕግ አልተነካም።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ዕቅዱ ራሱ ተተርጉሞ እንዲሰጥ በግልጽ አያስገድድም። ሜሪላንድ በቂ ተናጋሪ ላላቸው ቋንቋዎች፣ ወላጅ ከጠየቀ ዕቅዱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲተረጎም በሕግ ደንግጋለች። ሌሎች ግዛቶችም ይህንኑ ሊያደርጉ ይገባል። አንድ ሰዓት በጆሮ የተሰማ ማብራሪያ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራበትን ሰነድ አይተካም፤ በሦስተኛው ወር ቴራፒው ሲቋረጥ ወላጅ ገልጦ «ይኸው፣ እዚህ ተጽፏል» የሚለው ወረቀት ያስፈልገዋል።

እስከዚያው፣ ወላጆች ሆይ፣ አስተርጓሚ የምትፈልጉ መሆኑን ከስብሰባው አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የጻፋችሁበትንም ቅጂ አስቀሩ። ረቂቁ ቀደም ብሎ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ያልገባችሁን ወረቀት «ቤት ወስጄ ላስነብበው» በሉ። እዚያው ቁጭ ብላችሁ እንድትፈርሙ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም።