የስደተኛዋ ሲፋን ሽልማት ለምን ዘገየ?

የስፖርት ዓምድ
ኦቦ፣ ሞያሌ

በዚህ ዓምድ ስለ ሩጫ ባነሣን ቁጥር ከወጣቶቹ የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ሲፋን ሐሰን በፓሪስ ያገኘችው አንድ ወርቅና ሁለት ነሐስ ነው። ታዲያ እንዴት የዓመቱ የዓለም ምርጥ አትሌት ተባለች? በቶኪዮ ሁለት ወርቅ ስታመጣስ ለምን አልተባለችም?» ይሉናል። አንዱ «ለሆላንድ ስለሮጠች ነው የሸለሟት» ሲል ሌላው «ስደተኛ ስለነበረች ነው የዘገየባት» ብሎ ይመልስለታል። ክርክሩ አንዳንዴ ከሩጫው ወጥቶ ወደ ራሳችን ኑሮ ይገባል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ነገሩን ከሥሩ ለማየት አስበናል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምስቱ የጥበቃ ዓመታት

ሲፋን በ1993 አዳማ ተወለደች። አገሯን ትታ በ2008 ሆላንድ ስትገባና ጥገኝነት ስትጠይቅ 15 ዓመቷ ነበር። የገባችው ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ስደተኞች ወደሚቆዩበት ጣቢያ ነው። በአገር ቤት በክለብ ታቅፋ የሠለጠነች፣ ስሟ በአሠልጣኞች መዝገብ የሰፈረ ልጅ አልነበረችም። ከዚያ በኋላ አይንድሆቨን በምትባለው ከተማ የነርስነት ትምህርት ጀመረች፤ ጎን ለጎንም ከከተማዋ ሯጮች ጋር ልምምድ ያዘች። በ2011 እዚያው አይንድሆቨን የተካሄደውን ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጨረሰች። ለጀማሪ ደህና ሰዓት ነው፤ የዓለም ምርጥ ትሆናለች የሚያሰኝ ግን አልነበረም።

የሆላንድ ዜግነት ያገኘችው በኖቬምበር 2013 ነው። በሚቀጥለው ወር ቤልግሬድ ላይ ከ23 ዓመት በታች የአውሮፓ አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። ልብ በሉ፤ ወረቀቱ በወጣ በወሩ! በዓመቱ ደግሞ በ2014 ዙሪክ ላይ በ1500 ሜትር የአውሮፓን ወርቅ ወሰደች።

ከ2008 እስከ 2013 አምስት ዓመት ነው። ካምፕ ውስጥ ላለ ሰው አምስት ዓመት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። ራሽን ካርድ ይታደሳል፣ ኢንተርቪው ይቀጠራል፣ ቀጠሮው ይገፋል፣ ልጅ ያድጋል። ሲፋን በነዚያ ዓመታት ለሆላንድ ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ አትችልም ነበር። ሆኖም ልምምዷን አላቆመችም፤ ትምህርቷንም «ወረቀቴ ሲወጣ» ብላ አላቆየችውም። ወረቀቱ ሲመጣ ዝግጁ ሆና ነው ያገኛት።

ሩጫው በሰዓት፣ ሽልማቱ በድምፅ

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሩጫ ላይ ዳኛው ሰዓት ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀደመ። የዓመቱ ምርጥ አትሌት ሽልማት ግን በድምፅ የሚሰጥ ነው። ለምሳሌ በ2021 የዓለም አትሌቲክስ ምክር ቤት ድምፅ 50 ከመቶ፣ የአትሌቲክሱ ቤተሰብ የሚባሉት ድምፅ 25 ከመቶ፣ የሕዝቡ ድምፅ ደግሞ ቀሪውን 25 ከመቶ ይይዝ ነበር። በተጨማሪ አጭር ርቀት ሯጩ፣ ዘላዩ፣ ወርዋሪው ሁሉ በአንድ ሚዛን ነው የሚመዘነው። ስለዚህ አንድ አትሌት የቱንም ያህል ቢሠራ ዕድሉ በዚያ ዓመት ሌላው በሠራው ላይም ይንጠለጠላል።

እስቲ 2019ን እንይ። በጁላይ ሞናኮ ላይ የአንድ ማይል የዓለም ክብረ ወሰንን በ4 ደቂቃ ከ12.33 ሰከንድ ሰበረች። ከዚያ በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና 1500 ሜትርንም 10,000 ሜትርንም አሸነፈች። በአንድ የዓለም ሻምፒዮና እነዚህን ሁለት ርቀቶች አንድ ላይ ያሸነፈ ከሷ በፊት አልነበረም። ሽልማቱ ግን ለአሜሪካዊቷ ዳሊላ መሐመድ ሄደ። ዳሊላም በዚያው ዓመት የ400 ሜትር መሰናክልን የዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ ሰብራለች፤ አልተገባትም አይባልም። የሲፋን አሠልጣኝ አልቤርቶ ሳላዛር በዶሃው ውድድር መሀል በፀረ ዶፒንግ ሕግ ጥሰት ለአራት ዓመት የታገደውም ያኔ ነው። እሷ ራሷ የተከሰሰችበት ነገር አልነበረም። ሆኖም ወሬው በድሏ ላይ ጥላ ማጥላቱ አልቀረም።

2021 ደግሞ የባሰ ነው። በጁን 6 ሄንግሎ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች። በሁለተኛው ቀን ለተሰንበት ግደይ እዚያው ሜዳ ላይ መጥታ ወሰደችባት! በኦገስት በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር ማጣሪያ፣ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ወደቀች። ተነሥታ ሁሉንም አልፋ አንደኛ ወጣች። በዚያው ዕለት ማታ የ5000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ሮጣ በ5000 እና በ10,000 ወርቅ፣ በ1500 ነሐስ አገኘች። ሽልማቱ ግን በ100፣ በ200 እና በ4 በ100 ሜትር ሦስት ወርቅ ላጠለቀችው ለጃማይካዊቷ ኢሌን ቶምሰን ሄራ ሆነ።

እንግዲህ «ለሆላንድ ስለሮጠች ሸለሟት» ለሚለው ወንድማችን መልሱ እዚህ ላይ ነው። በ2019ም በ2021ም የለበሰችው የሆላንድን ማልያ ነበር፤ አልሸለሟትም። በሌላ በኩል የኢትዮጵያን ማልያ ለብሰው ይህን ሽልማት ያገኙ ብዙ ናቸው፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እና በ2005፣ መሠረት ደፋር በ2007፣ ገንዘቤ ዲባባ በ2015፣ አልማዝ አያና በ2016። ነገሩ የባንዲራ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ከወርቅ በኋላ ባዶ እጅ

ብዙ ሰው የሚዘለው ዓመት 2022 ነው። በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር አራተኛ፣ በ5000 ስድስተኛ ወጣች። አንድም ሜዳሊያ የለም። «አለቀላት» ያለ ሰው አይጠፋም፤ እኛም ሰፈር ሰውን ቶሎ መቅበር እንወዳለን።

በሚቀጥለው ዓመት በኤፕሪል 2023 ለንደን ላይ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጠች። መሀል ላይ ዳሌዋን ይዟት ቆማ ተሳሳበች። መሪዎቹ ርቀዋት ነበር፤ ደርሳባቸው በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አሸነፈች። በኦገስት ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር ለመግባት ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ወደቀች። ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ሲገቡ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። ከውድቀቱ በኋላ ግን በ5000 ብር፣ በ1500 ነሐስ ይዛ ነው ከቡዳፔስት የወጣችው። በኦክቶበር ደግሞ ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2:13:44 ጨረሰች። በዚያን ጊዜ ከዚህ ሰዓት የሚበልጠው ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ያስመዘገበችው 2:11:53 ብቻ ነበር።

ፓሪስ 2024

በፓሪስ አንዱን ርቀት መርጣ ብትሮጥ የሚወቅሳት አልነበረም። እሷ ግን 5000፣ 10,000 እና ማራቶንን መረጠች። ሦስቱንም በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈ በታሪክ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ። ሲፋን በኦገስት 5 በ5000 ነሐስ፣ በኦገስት 9 ማታ በ10,000 ነሐስ አገኘች። ከዚያ ወደ 35 ሰዓት ገደማ ብቻ ዐርፋ በኦገስት 11 ጠዋት ማራቶን ላይ ቆመች። የ5000ውን ማጣሪያ ስንጨምር በፓሪስ የሮጠችው በድምሩ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የማራቶኑን መጨረሻ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ትዕግስት አሰፋና ሲፋን ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ፤ ሲፋን ሾልካ በ2:22:55 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ገባች። ትዕግስት በ3 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ፣ የኬንያዋ ሄለን ኦቢሪ ሦስተኛ ሆኑ። የኢትዮጵያ ቡድን ቢያመለክትም አቤቱታው ውድቅ ሆነ። በኛም መሀል «ትዕግስት ተበደለች» እና «ሲፋን ይገባታል» የሚል ክርክር ተነሥቷል፤ ዛሬም አልበረደም። እኛ የምንለው ለትዕግስት ማዘንና በሲፋን መደሰት አይጣሉም ነው። በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ሲፋን ሒጃብ ለብሳ ሜዳሊያዋን ስትቀበል ከጎኗ የቆሙት አንዷ ኢትዮጵያዊት፣ አንዷ ኬንያዊት ነበሩ። ከተማዋ ራሷ በድንበር ለሁለት ለተከፈለችው ለሞያሌ ሰው ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይመጣል?

በዲሴምበር 1 ቀን 2024 ሞናኮ ላይ የዓመቱ የዓለም ምርጥ ሴት አትሌት ተባለች። ተፎካካሪዎቿ ቀላል አልነበሩም። አሜሪካዊቷ ሲድኒ ማክላፍሊን በ400 ሜትር መሰናክል፣ የዩክሬኗ ያሮስላቫ ማሁቺክ በከፍታ ዝላይ፣ ሁለቱም በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ ወርቅም የዓለም ክብረ ወሰንም ነበራቸው። ሲፋን በዚያ ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን የላትም። በኛ ግምት ድምፁን ያመጣላት የሜዳሊያው ቁጥር ሳይሆን ሌላው ያልደፈረውን መድፈሯ ነው። ሁለቱ ነሐሶች ከወርቁ ጋር ተደምረው እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ዋጋ ተቆጠሩላት። በዚያው ምሽት ታምራት ቶላ ከስታዲየም ውጭ በሚደረጉ ውድድሮች ምርጥ ወንድ አትሌት፣ ሰምቦ አለማየሁ ደግሞ ምርጥ ተስፋ የሚጣልባት ወጣት ሴት አትሌት ተብለዋል።

ሲፋን ከሽልማቱ በኋላም አልተቀመጠችም። በ2025 ትዕግስት ባሸነፈችበት የለንደን ማራቶን ሦስተኛ ወጣች፤ በኦገስት መጨረሻ ደግሞ ሲድኒ ላይ በ2:18:22 አሸነፈች።

ለኛ ምን ይጠቅመናል?

እዚህ ላይ ወላጆችን ማነጋገር እንፈልጋለን። «ሲፋን ሄዳ አለፈላት» ተብሎ ልጅ ለደላላ አይሰጥም። በ15 ዓመቷ የወጣች አንዲት ልጅ ስሟ ዓለምን ሞላ፤ በበረሃና በባሕር የቀሩትን ግን ስማቸውን የሚያነብልን የለም። ሲፋንን ሲፋን ያደረጋት መሄዷ ብቻ አይደለም። ትምህርት፣ አብረዋት የሚሮጡ ሰዎችና በየቀኑ የማይቋረጥ ልምምድ ናቸው። ከሦስቱ ውስጥ እዚህ ኦቦ ሆነን ልንጀምረው የማንችለው የቱ ነው?

መንገዱም ከድሮው ሰፍቷል። በ2016 በሪዮ የመጀመሪያው የስደተኞች የኦሊምፒክ ቡድን ሲቋቋም ከ10ሩ አትሌቶች አምስቱ እዚሁ ኬንያ ከካኩማ ካምፕ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ነበሩ። በመክፈቻው ባንዲራ የያዘችውም ከነሱ አንዷ፣ ሮዝ ሎኮንየን ናት። ሉክሰምበርግ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴም በዚያው ቡድን ማራቶን ሮጧል። በ2024 ፓሪስ ላይ ቦክሰኛዋ ሲንዲ ንጋምባ ለቡድኑ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ፣ ነሐስ፣ አምጥታለች። በዚህ ቡድን ለመታቀፍ የአትሌትነት ብቃትና በዩኤንኤችሲአር የታወቀ ስደተኝነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ወጣቶች፣ ማንዴታችሁንና የትምህርት ወረቀታችሁን በደንብ አስቀምጡ። «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን ደግሞ አብሮት ብቃቱ መምጣት አለበት።

በመጨረሻ ስለ ሴቶች ልጆቻችን። ወንዱ ልጅ ከትምህርት ሲመለስ ኳስ ይዞ ሜዳ ይወጣል። ሴቷ ጄሪካን ይዛ ወደ ውኃ፣ ከዚያ ወደ እንጨት፣ ከዚያ ወደ ማጀት ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ጀግኖች አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸውን አንርሳ። እናቶችና አባቶች፣ የሴት ልጃችሁን ሥራ ለወንድሟም አካፍሉና በቀን አንድ ሰዓት ለሷ ተዉላት። ትሩጥበት ወይም ታንብብበት። ሽልማቱ በሌላ ሰው ድምፅ የሚሰጥ ነው፤ ያቺ አንድ ሰዓት ግን በእናንተ እጅ ናት።