የጨረራ ሕክምና ምርምር ወደ ጋሞ ደጋም ይውጣ

የጨረራ ሕክምና በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ፣ በኮባልት 60 የሚሠራው ሕክምና ከ20 ዓመት በላይ ለመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ብቸኛ መጠጊያ ሆኖ መኖሩን፣ ተራቸውን የሚጠባበቁ ሕሙማንም ወር በወር ላይ እየተደረበባቸው ደዌያቸው ከፈውስ ወሰን ያልፍ እንደ ነበር፣ ያን ዘመን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዛሬ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው ሊኒየር አክስለሬተር በጥቁር አንበሳ ተተክሏል፤ ጅማና ሐረርም የየራሳቸውን ማእከል አግኝተዋል፤ ይህም ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን መሣሪያ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ በመሣሪያው የሚሰጠው ፈውስ ለእኛ ሕሙማን በምን ያህል መጠንና በስንት ቀን ቢሰጥ እንደሚበጅ መርምሮ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በፊተኛው ስንደክም ኋለኛውን ለባዕዳን ትተነው እንዳንቀር እሰጋለሁ።

ነገሩን ከጋሞ ደጋ ተነሥተን እንመልከተው። ጥጥ ፈትላ፣ እንሰት ፍቃ ቤቷን የምታስተዳድር የጨንቻ ወይም የቦንኬ እናት፣ የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ ሐይቅ ከሚወርድባት ከአርባ ምንጭ ከተማ ደርሳ የማኅፀን በር ካንሰር እንዳለባት ሲነገራት፣ ለረጅም ዘመን የነበራት መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ብቻ ነበር። ሕክምናውም በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለምና፣ በተለመደው ሥርዓት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ከመሣሪያው ሥር ለጥቂት ደቂቃ እየተኛች፣ 25 ጊዜ፣ 5 ሳምንት ሙሉ ትመላለሳለች፤ በላዩም ጨረራው በውስጥ የሚሰጥበት ሌላ ሕክምና ይጠብቃታል። ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሲባል በግ ይሸጣል፤ ገንዘብ ከዘመድ ይለመናል፤ አስታማሚዋ ልጅ ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ በጉድጓድ የቀበረችው ቆጮም የሚያየው ያጣል።

ይህ 25 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ ሕግ ሳይሆን ሊቃውንት መዝነውና ፈትነው የደረሱበት ነው። በጡት ካንሰር ረገድ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች 5 ሳምንት ይፈጅ የነበረውን ሕክምና አስቀድመው ወደ 3 ሳምንት አሳጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ውጤትም ደዌው ገና ባልተስፋፋባቸው ሴቶች ላይ በ1 ሳምንት 5 ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ከዚያ እንደማያንስ አስረዱ።

የእስያ አገሮች ግን የሌላውን ውጤት አንብበው አልተቀመጡም። ጃፓን በምትመራው የእስያ የኑክሌር ትብብር መድረክ አማካይነት ባንግላዴሽ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስ፣ ታይላንድ፣ ቬትናምና ሌሎችም ተሰብስበው፣ ለማኅፀን በር ካንሰር የጋራ የሕክምና ሥርዓት ጽፈው፣ በየሆስፒታላቸው በዚያው ሥርዓት አክመው፣ ሕሙማኑን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በአንድነት መረመሩት፤ የጡት ካንሰርንም በ16 ጊዜ ብቻ የሚፈጸመውን አጭር ሕክምና በየአገራቸው ፈተኑት። ከመሣሪያው የሚወጣው ጨረራ በወረቀት ከተጻፈው መጠን ጋር መስማማቱም በባለሙያ ተለካ። (ኮባልት 60 በየ5 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በመጀመሪያ 2 ደቂቃ ይበቃ የነበረው በኋላ 4 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ይህን የሚለካ የሕክምና ፊዚክስ ሊቅ በሌለበት ሐኪሙ የሚያዝዘው ግምት ብቻ ነው።) እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ጥቂት መሣሪያ ያላቸው ድኾች አገሮች ባለጠጋ እስኪሆኑ ሳይጠብቁ የየራሳቸውን ጥቂት ቁጥር ከጎረቤት ጋር ማስተባበራቸው ነው።

የለንደን ወይም የቶኪዮ ውጤት ለእኛም ይበቃናል የሚል ቢኖር፣ የእኛ ሕሙማን ብዙዎቹ ደዌው ከገፋ በኋላ እንደሚመጡ፣ ከእነርሱም ኤችአይቪ ያለባቸውና ደማቸው ያነሰ እንዳሉ፣ ስንቅ አልቆባቸው ሕክምናውን ከመካከሉ የሚተዉም መኖራቸውን ያስብ፤ በመካከል የተቋረጠ የጨረራ ሕክምና ደግሞ ኃይሉ ይደክማል። አጭሩ ሥርዓት ለጋሞዋ እናት ይበጃት እንደሆነ ሊመልስ የሚችለው እርሷን ራሷን የቈጠረ ጥናት ነው።

ለዚህ የሚሆን መሠረት በአርባ ምንጭ አለ። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት የሚያስመዘግብበት የጥናት ጣቢያ አለው፤ ስለ ወባም ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ መርምሯል። እንግዲህ ጤና ሚኒስቴር የጨረራ ማእከሎቻችንን በአንድ የምርምር ሥርዓት ያስተሳስራቸው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አባል በሆነችበት በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በኩልም ከአፍሪካ ጎረቤቶቻችን ጋር የእስያውን የመሰለ ማኅበር ይፈልግ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከጋሞ ዞን ለጨረራ ሕክምና የተላከችውን እያንዳንዷን እናት ከተላከችበት ቀን አንሥቶ በስም ይመዝግብ፤ ደረሰች ወይ፣ ጀመረች ወይ፣ ፈጸመች ወይ፣ ከ2 ዓመት በኋላስ በሕይወት አለች ወይ ብሎ ይከታተል። ይህን መዝገብ ለመክፈት አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።