ካሴቶቻችሁን ከሣጥን አውጡ!

የከሚሴ፣ የባቲ፣ የሰንበቴና የጨፋ ልጆች ሆይ! አያቱ መንዙማ ያወጣ፣ አጎቱ ማሲንቆ የመታ፣ አክስቱ በሰርግ ቤት ዘፈን ያወረደች ሁሉ ይስማ።

ብዙዎቻችሁ ቤት ካሴት አለ። ሐድራ ላይ ቴፕ መሃል ተቀምጦ የተቀዳ፣ ወይም ዐረብ አገር ላለ ዘመድ ሊላክ ተቀድቶ ሳይላክ የቀረ። በእስክሪብቶ የተጻፈበት ስም ደብዝዟል። ካሴት ቤት አልተሸጠም፣ ሬዲዮ አላሰማውም፤ ያለው ያ አንዱ ብቻ ነው።

ባቲ ስሟ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር በዋና ቅኝትነት የሚጠራ ከተማ ናት። ሙዚቃ የሚማር ሁሉ ያውቃታል። የአካባቢዋ ሰው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያዜመውን ግን የት ሄደን እንስማ?

«ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው፣ ጥራት የለውም» የሚል አይጠፋም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ግን በደርግ ዘመን ፒያኖ እየተጫወቱ ያንጎራጎሩትን ቤታቸው ውስጥ በቴፕ ቀድተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ፤ በዓመቱ ያ ቅጂ «ሱቬኒርስ» ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል፤ በዚህ የተከፋ አድማጭ አላጋጠመኝም። የሙዚቀኛው የኃይሉ መርጊያ ካሴትም አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2005 ዓ.ም. ዳግም ሲታተም፣ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረውን ሰው መድረክ ላይ መልሶታል። እኛስ ፈረንጅ እስኪያገኝልን ነው የምንጠብቀው?

ጊዜ የለንም። ሙቀትና እርጥበት ክሩን ይበላዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በግጭትና በጦርነት በዚህ አካባቢ ስንት ቤት ከነንብረቱ እንደወደመ ደግሞ ለእናንተ አይነገርም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ካሴቱን አውጡ። ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በስህተት አይቀዳበትም። (ስንቱ አያት የልጅ ልጁ በወደደው ዘፈን ተደርቦበት ጠፍቷል!) ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት አታጫውቱት፣ ለሚያውቅ ስጡ። ባገኛችሁት ቴፕ ሁሉም አትክተቱት፤ ክሩን ከበላው አለቀ። ስልክ ስፒከር ሥር ደቅናችሁ ሳይሆን በገመድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። ማን እንዳዜመ፣ የማን ሰርግ እንደነበር፣ ማን ድቤ እንደመታ ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ይህ ከቅጂው እኩል ዋጋ አለው።

ቅጂውን ለሌሎች ብታሰሙም መብታችሁን ሕግ ይጠብቅላችኋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። እንዲሰማ ፍቀዱ እንጂ አትሽጡት፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። የራሱን ሎጎ ለጥፎ ዩቲዩብ ላይ ለሚጭን ነጋዴ አትስጡ። ለሐድራው ብቻ ነው የምትሉትን ደግሞ ለቤታችሁ አስቀሩት፤ ማንም አይቀየማችሁም።

የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሆይ፣ አንድ ደህና ማጫወቻ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሠለጠነ ልጅ መድቡ። ወጣቶች፣ ኮምፒውተር የምትችሉ፣ ጉልበታችሁን አዋጡ። ለመጪው ዓረፋ ከአዲስ አበባም ከሳዑዲም ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ካሴቱን ይዛችሁ ቅረቡ፤ አዛውንቶቹ ድምፁን ለይተው ስሙን ይንገሯችሁ።