ከእስራት በኋላ ስለሚጻፍ መጽሐፍ

ሰው በባዕድ አገር ለዘመናት ታስሮ ቆይቶ እግዚአብሔር ቢያወጣው፥ ያየውን መከራ ሊጽፍ ይገባዋልን? ወይስ ዝም ሊል? አንዳንዶች፥ ይቅር ያለ ሰው የበደሉን ነገር አያነሣም ይላሉ። እኔ ግን ይህን አሳብ አልቀበለውም፤ ይቅር ማለት ሌላ፥ ዝም ማለት ሌላ ነውና። የሚጽፍ ሰው ግን ብዕሩን እንዴት እንደሚይዝ ሊያስብ ይገባዋል። ስለዚህ ነገር በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን በመቅደላ ታስረው የነበሩትን አውሮፓውያን አስባለሁ።

ከእነርሱ አንዱ ሄንሪ ስተርን በትውልዳቸው የጀርመን አይሁዳዊ ሲሆኑ ክርስትናን ተቀብለው ሚሲዮናዊ የሆኑ ሰው ነበሩ። ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ሊሰብኩ ወደ አገራችን መጡ፤ ስለ ጉዟቸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያም መጽሐፍ የንጉሡ እናት ከድህነት የተነሣ ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበረ ጻፉ። ኮሶ መሸጥስ ነውር አልነበረም፤ ድሀ እናት ልጇን ለማሳደግ የምትሠራው ሥራ ነውና። ነገር ግን ይህ የንጉሡ ጠላቶች ለስድብ የሚያነሡት ወሬ ነበረ።

በጥቅምት 1856 ዓመተ ምሕረት ስተርን በንጉሡ ፊት በቆሙ ጊዜ ሁለት አገልጋዮቻቸው ሲደበደቡ አይተው፥ ከድንጋጤ የተነሣ ጣታቸውን ወደ አፋቸው አገቡ። ጣት መንከስ ግን በእኛ ዘንድ የበቀል ዛቻ ነው፤ ስለዚህም እርሳቸው ራሳቸው እስኪወድቁ ድረስ ተደበደቡ። ሁለቱ አገልጋዮች ሞቱ። ኋላም የስተርን ጽሑፍ ተመርምሮ የስድቡ ነገር ተነበበባቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፥ ለጥቂት ሳምንታት ከመፈታታቸው በቀር፥ አራት ዓመት ተኩል ያህል በእስራት ኖሩ።

የቆንስሉ የካሜሮን መታሰር ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ነው። ኋላ መልሱን ይዘው የመጡት ሆርሙዝድ ራሳምና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክም በ1858 ዓመተ ምሕረት ተያዙ፤ በሐምሌም በመቅደላ አምባ ላይ የብረት ቀለበት በእግራቸው ላይ በመዶሻ ተመታ።

ሰው እንዲህ ያለውን ዘመን በምን ይችለዋል? ጸሎት እንደሚያጸና አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከጻፉት እንደምንረዳው እጅ ሥራ ሲያገኝ ልብም ያርፋል። ራሳም በእግር ብረት ሳሉ አትክልት ተከሉ፤ ብላንክ የአምባውን ሕመምተኞች አከሙ። የሚቀጥለውን ዓመት ከመቍጠር ይልቅ የበቀለውን ቅጠል መቍጠር ይሻላል።

በተፈቱም ጊዜ ሦስቱም በሁለት ዓመት ውስጥ መጽሐፍ ጻፉ፤ መጽሐፎቻቸው ግን አንድ አይደሉም። ብላንክ በንጉሡ ላይ ብርቱ ፍርድ ይፈርዳሉ። ራሳም ግን ንጉሡ የላኩላቸውን የፍቅር ቃል የሞላበትን ደብዳቤ እንኳ አልሸሸጉም፤ ያሰራቸውን ሰው መልካምነቱንም ክፋቱንም አኖሩ። እኔ ከሁለቱ የራሳምን መንገድ አከብራለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሆኖም የተወጋ ሰው የወጋውን እጅ በእውነተኛ መልኩ ሊሥለው ይችላል። ስተርንም እንደገና ብዕር በማንሣታቸው አልነቅፋቸውም፤ ያሳሰራቸው ጽሑፍ ከሰው የሰሙት ወሬ ነበረ፥ ሁለተኛው ግን በሥጋቸው ያወቁት ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ መጻሕፍት ፊት ሌላ ነገር ልቤን ይከብደዋል። በመቅደላ የታሰሩት አውሮፓውያን ብቻ አልነበሩም፤ የአገሩ መኳንንትና ድሆች በብዙ ቍጥር በዚያው ታስረው ነበር። አቡነ ሰላማም በ1860 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር በእስራታቸው ሳሉ ዐረፉ። በዚያው ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ቀን፥ ሚያዝያ 2፥ ከአገሩ እስረኞች ብዙዎቹ ተገድለው ወደ ገደል ተጣሉ። በማግሥቱ የአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ አውሮፓውያኑ በቀዳም ሥዑርና በፋሲካ ዕለት ወደ እንግሊዞች ሰፈር ወረዱ፤ ሚያዝያ 6 ንጉሡ በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ።

አውሮፓውያኑን ሊያስፈታ ከባሕር ማዶ ጦር መጣ፤ ከተፈቱም በኋላ አታሚ ተገኘላቸው። ከገደል ለተጣሉት ማን ጻፈላቸው? ከምጽዋ እስከ መቅደላ ደብዳቤና ገንዘብ ሸሽገው የተመላለሱት መልእክተኞችስ፥ ቢያዙ ነፍሳቸው እንደምትጠፋ እያወቁ የሄዱት፥ አንድ ገጽ እንኳ አልጻፉም። ስለዚህ ከእስራት ወጥቶ የሚጽፍን ሰው አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ የራሱን ሰንሰለት ክብደት ከነገረን በኋላ አጠገቡ ታስሮ የነበረውን ሰው ስም ይጻፍልን። እርሱ ካልጻፈው ከወዴት እናገኘዋለን?