ጎበዝ ባለሙያ አለቃ ሲሆን

ጎበዝ መሐንዲስ የቡድን መሪ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሹመት እንጂ ሥልጠና አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው «ፕሮጀክት ኦክስጅን» ጥናት ግን ከጥሩ አለቃ ስምንት ባሕርያት ቀዳሚው ሠራተኛን ማብቃት፣ የመጨረሻው የቴክኒክ ዕውቀት ሆኖ ተገኝቷል።

ግኝቱ በሎስ አንጀለስ፣ በዌስት አዳምስና በፌርፋክስ ጎዳናዋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ዙሪያ ላሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ትምህርት አለው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እየተባለ ያደገ ሰው ስሕተት ቢያይ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ አለቃውም ዝምታውን እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል። ጉድለቱ የሚታወቀው ሥራው ከተበላሸ በኋላ ነው።

ስለዚህ አዲስ መሪ የስሜት ብልህነትን እንደ ሙያው ሁሉ ሊለማመደው ይገባል፦ መጠየቅ፣ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ በቁጣ ሰዓት ከመመለስ መታገሥ። ከሁሉም በፊት ግን አለቃው ራሱ «ተሳስቻለሁ» ማለት አለበት፤ እሱ ካልደፈረ ማንም አይደፍርም።