ቁጥሩ እስኪወርድ ድረስ

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙባቸው ክፍሎች ሥር ከሰደዱ ልማዶች አንዱ፣ ከሕፃኑ ደም በተደረገው ከልቸር ምንም ባክቴሪያ ባይበቅልም፣ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን (ሲአርፒ) የተባለው የደም ምልክት ከፍ ብሎ እስከታየ ድረስ አንቲባዮቲኩን አለማቋረጥ ነው። ጥንቃቄ ቢመስልም፣ ምርመራውን ሊመልስ የማይችለውን ጥያቄ የሚጠይቅ አሠራር በመሆኑ ሊቀር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1930 ቲሌት እና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች ሕሙማን ደም ውስጥ ያገኙትን ይህን ፕሮቲን ጉበት የሚያመርተው፣ ኢንተርሉኪን-6ን የመሰሉ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) መልእክተኞች ሲደርሱት ነው፤ መልእክቱን የቀሰቀሰው ባክቴሪያ ይሁን ሌላ ጉዳት ግን አይለይም። ስለዚህ በምጥ የተንገላታ፣ በወሊድ ጊዜ የታፈነ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕፃን ያለ አንዳች ኢንፌክሽን ሲአርፒው ሊያሻቅብ ይችላል። በአንጻሩ መጠኑ ከፍ እስኪል ከ10 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሕመሙ ሲጀምር የተወሰደ ደም ሐኪሙን ሊያዘናጋው ይችላል፤ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ምላሽ ደግሞ ከሌላው የደከመ ነው።

ለአብነት ከ100 ሕፃናት 5ቱ ብቻ በእርግጥ ታመዋል፣ ምርመራውም ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፣ ካልታመሙትም 80 በመቶውን ነጻ ያወጣል ቢባል፣ ምልክቱ ከፍ የሚልባቸው 23 ሲሆኑ ከእነዚህ የታመሙት 4 ናቸው። የቀሩት 19 መድኃኒቱን የሚወስዱት ለቁጥሩ ሲባል ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ እጅግ አነስተኛ ክብደት ባላቸውና ከልቸራቸው ምንም ባላበቀለ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የተራዘመ አንቲባዮቲክ ከአንጀት መበስበስ (ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ) እና ከሞት ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አሳይተዋል።

ፕሮካልሲቶኒን የተባለው ምልክት ይሻላል የሚሉ አሉ። ይህም ቢሆን በጤናማ ሕፃን ደም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በተፈጥሮው ከፍ የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሞ በዚህ ምልክት እየተመሩ ሕክምናውን ማሳጠር እንደሚቻል ያሳየው ኒዮፒንስ የተባለ ጥናትም፣ ያካተተው 34 ሳምንትና ከዚያ በላይ በማኅፀን የቆዩትን ብቻ ነው።

የልማዱ ጠበቆች ጠንካራ መከራከሪያ፣ ከልቸሩ በተወሰደው ደም ማነስ ምክንያት ባክቴሪያውን ሊስት ይችላል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር መውሰድ ነው። አንድ ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም በሙሉ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚህ ላይ ለከልቸሩ እየተሳሱ፣ ቁጥሩ ወረደ አልወረደ ለማለት ተረከዙን በየማለዳው መውጋት ምን ዓይነት ቁጠባ ነው?

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ሆስፒታል ተኝተው ከሞቱት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ ገደማ በኢንፌክሽን ምክንያት እንደሞቱ አመልክቷል። ኢንፌክሽን ይህን ያህል በሚገድልበት አገር፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደገባና የትኛው መድኃኒት እንደሚበግረው የሚናገረው ከልቸር እንጂ ሲአርፒ አይደለም፤ ለመመርመሪያ የሚመደበው ገንዘብም አስቀድሞ ሊደርስ የሚገባው ከልቸሩን ለሚሠራው ላቦራቶሪ ነው።