መጀመሪያ ግልባጭ፣ ከዚያ ጥገና

ዩኒክስ ወይም ዘመዱ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር መብራት በድንገት ሲጠፋበት የፋይል ሲስተሙ ሊዛባ ይችላል። ታዲያ ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን ‹ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ› የተባለውን የጥገና ትእዛዝ እንሰጠዋለን። ይሄ ችኮላ መቅረት አለበት እንላለን።

ትእዛዙ የሚያቃናው የዲስኩን መዝገብ እንጂ የጻፍነውን ትምህርት አይደለም። መዝገቡን ለማስማማት ሲል የተጎዳውን ፋይል ሊሰርዝም ይችላል። ስም የጠፋበትን ፋይል ደግሞ ‹ሎስት-ፋውንድ› በሚባል ክፍል በቁጥር ብቻ ያስቀምጠዋል። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ጥገናው ይብስበታል። ስለዚህ በቅድሚያ ዲስኩ ላይ መጻፍ ይቁም፤ ‹ዲዲሬስኪዩ›ን በመሰለ መሣሪያ ሙሉ ግልባጩ ወደ ሌላ ዲስክ ይወሰድ፤ ጥገናውም በግልባጩ ላይ ይሞከር።

ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ እሱንም በቁጥር 1832 መዝግቦ አንስቶታል። ፊልሙ የተነሣው ብራናው በእጅ ሳለ ነው፤ ከጠፋ በኋላማ ምኑ ይነሣል?

እኛስ? የማስተማር ልምምድ ማስታወሻና የሠልጣኝ ውጤት በአንድ ዲስክ ብቻ ሊቀመጥ አይገባም። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል በየሳምንቱ ሁለተኛ ቅጂ አውጥቶ በሌላ ሕንፃ ያስቀምጥ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን!